የከሰረ ነጋዴና ቤተ ሰቡ



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ማዕድ ነገር ብዙ ጊዜ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ጥቂት ወደ ገበያ እንሄዳለን። ይህንንም ማድረጋችን ቤትን ረስተን አይደለም፤ አንድ ነጋዴ በገበያ የወደቀ እንደ ሆነ የውድቀቱ ድምፅ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በገዛ ቤቱ ውስጥ ስለ ሆነ ነው። እኔ ራሴ ከስሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም ነግጄ አላውቅም። ስለዚህ በንግድ ያረጃችሁ አንባቢዎች አንዳንድ ቃሌ ቢያስቃችሁ በትዕግሥት ታሳልፉልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑኝ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ልጃቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ነገደና በሦስተኛው ዓመት ከሰረ። መነሻ ገንዘቡ ከሦስት ቦታ የተሰበሰበ ነበረ፤ ከፊሉ የእናቱ፥ ከፊሉ የአጎቱ፥ የቀረውም በተራው የደረሰው የዕቁብ ገንዘብ ነበረ። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ልጁ ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ወደ ጓዳ ይገባል። አጎቱም በለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር በሰው ፊት ገንዘቡን ያነሣበታል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ቀድሞ በሱቁ በር ላይ ወንበር ይዘው ቡናውን ይጠጡ የነበሩት ወዳጆቹም ዛሬ «እኛስ ነግረነው ነበር» ባዮች ሆነዋል።

ወይዘሮዋ ወደ እኔ መጥተው ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ፥ በሣጥኔ የቀረችኝ አንዲት የወርቅ ሀብል ናት፤ እናቴ ያወረሰችኝ ናት። እርስዋን ሸጬ ብሰጠው እንደ ገና ይነግዳል ወይስ ያችንም ያጠፋታል?» ብለው ጠየቁኝ።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ወዲያው የሚመልስ ሰው ወይ ነቢይ ነው፥ ወይም ችኩል ነው። እኔም ሁለቱንም ስላይደለሁ፥ «እትዬ፥ የልጅዎን የሒሳብ መዝገብ አይተውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ተገርመው፥ «የምን መዝገብ? እርሱ ሁሉን በልቡ ነው የሚይዘው» አሉኝ። እንግዲያውስ ስለ ሀብሏ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ያድርግልዎ፤ ከማን ምን ያህል እንደ ተበደረና ማን ምን ያህል እንዳለበት በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍልዎ፤ ጽፎ የጨረሰ እንደ ሆነ ያምጡልኝ ብዬ አሰናበትኋቸው። እሺ ብለው ሄዱ፤ ነገር ግን ፊታቸው ደስ አላለውም፤ እርሳቸው የፈለጉት አዎን ወይም አይደለም የሚል ቃል ነበረና።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ በአሳቤ ሲመላለስ የዋለው በአሜሪካ አገር የነበረው የአንድ ነጋዴ ታሪክ ነው። ይኸውም ሄንሪ ጆን ሄይንዝ የሚባለው ነው። ስሙ በቀይ የቲማቲም ድልህ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ በብዙ ማዕድ ላይ ስለሚቀመጥ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነገር ግን ያ ስም በጠርሙስ ላይ ከመጻፉ በፊት በከሰሩ ሰዎች መዝገብ ላይ ተጽፎ እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሄይንዝ የተወለደው በ1844 ዓመት በፔንሲልቫኒያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ነው። አባቱና እናቱ ከጀርመን አገር የፈለሱ ነበሩ። አባቱ ጡብ ሠሪ ነበረ፤ እናቱ አና ደግሞ ሻርፕስበርግ በምትባለው ትንሽ ከተማ በቤታቸው ጓሮ አትክልት ትተክል ነበር። ከቤት ፍጆታ የተረፈውን አትክልት ለጎረቤት እየዞረ የሚሸጠው የበኩር ልጅዋ ሄንሪ ነበረ፤ ይህንንም የጀመረው በስምንት ዓመቱ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሦስት ሄክታር የማይሞላ የራሱ እርሻ፥ አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ነበረው። እናቱ ቄስ እንዲሆንላት ትመኝ ነበር፤ ልጁ ግን ልቡ ከጋሪው ጋር ነበረ። በኋላም ንግድ ትምህርት ቤት ገብቶ የሒሳብ አያያዝ ተማረ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢዎች እንዳትረሱብኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን በዚያ አገር የጀርመንና የእንግሊዝ ተወላጆች ከሥጋ ጋር የሚበሉት ሆርስራዲሽ የሚባል ነጭ ሥር ነበረ። ሥሩ ተፍቆ በኮምጣጤ ይለወሳል፤ ሽታው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን ያቃጥላል፤ ሲፍቁትም ከሽንኩርት የባሰ ዓይን ያስለቅሳል። የቤት እመቤት ሁሉ በራስዋ እጅ እየፋቀች ታለቅስ ነበረ። ነጋዴዎች አዘጋጅተው የሚሸጡትም ነበረ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ውስጡ በማይታይ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጠርሙስ ይሞሉት ነበር፤ ምክንያቱም ርካሽ ሥራ ሥርና እንጨት እንኳ እየጨመሩ ያበዙት ነበርና። ሄይንዝ በ1869 ዓመት ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆኖ ንግድ ሲጀምር ያንኑ ሥር በጠራ ነጭ ጠርሙስ ሞልቶ አወጣው። ገዢዋ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ ውስጡን ማየት ትችል ነበር። ሥራው የተጀመረውም ቀድሞ ቤተ ሰቡ በኖረበት በሻርፕስበርግ የጡብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ሣራ የምትባለውን ሚስቱን አገባ።

በጥቂት ዓመት ውስጥ ንግዱ እንደ ጎርፍ ሞላ። ከአንድ ጓሮ የተጀመረው ተክል በአለጌኒ ወንዝ ዳር መቶ ኤከር ያህል ሆነ፤ ሃያ አራት ፈረሶች፥ ብዙ ሠረገሎች፥ በሴንት ልዊስ ከተማም የኮምጣጤ ፋብሪካ ተገኘ። የአምስት ዓመት ሥራ ይህን ያህል የሰፋ እንደ ሆነ ባለቤቱ ሊደሰት ይገባዋል፤ ደግሞም ሊፈራ ይገባዋል። ሄይንዝ ግን በዚያ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበረና መፍራትን ገና አልተማረም።

አወዳደቁም እንዲህ ነው። በ1873 ዓመት መስከረም ወር በአሜሪካ ትልቅ የነበረው የጄይ ኩክ ባንክ ተዘጋ፤ ከዚያም በኋላ ባንክ በባንክ ላይ እየወደቀ ገንዘብ ከገበያ ጠፋ። ብዙ ነጋዴ እጁን በሰበሰበበት በዚያ ጊዜ የሄይንዝ ኩባንያ እጁን ዘረጋ። በ1875 ዓመት በኢሊኖይ ግዛት ካሉ ገበሬዎች ጋር ገና አዝመራው ሳይደርስ ተዋዋለ፤ የሚያመርቱትን ኪያር ሁሉ ቡሼል በሚባለው ሠላሳ አምስት ሊትር ያህል በሚይዘው መስፈሪያ በ60 ሳንቲም፥ ጥቅል ጎመኑንም አንዱን ቶን በ10 ዶላር ሊገዛ ውል ገባ። በእኛም አገር እህልን በመስኩ ሳለ የሚገዛ ነጋዴ የዚህን ነገር ጣዕምና መራራነት ያውቃል። ዝናም ቀርቶ ምርቱ ቢያንስ ነጋዴው ይከብራል፤ ምርቱ የበዛ እንደ ሆነ ግን በረከቱ እርግማን ይሆንበታል።

በዚያ ዓመት ምርቱ በዛ። ኪያሩ ከታሰበው በላይ ሆነና ገበሬዎቹ በውላቸው መሠረት በየቀኑ ሠረገላ ሙሉ እያመጡ ያራግፉ ጀመር፤ ለእያንዳንዱም ሠረገላ ገንዘብ ይከፈል ነበር። የገበያው ዋጋ እየወረደ ሲሄድ የውሉ ዋጋ ግን በነበረበት ቆመ። ባንኮቹ ብድር ከለከሉ፤ ሄይንዝም ዛሬ የተሰጠውን ቼክ በነገው ገንዘብ ለመሸፈን ከከተማ ወደ ከተማ ሲሮጥ ከረመ። ከዘመዱ ተበደረ፥ ከወዳጁ ተበደረ፤ ሁሉም አለቀ። በ1875 ዓመት ታኅሣሥ ወር ኩባንያው መክሰሩ በሕግ ታወቀ። ሄይንዝ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፥ የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነበረ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆም እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ሰው የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ሥፍራ በሩጫ ያልፉታልና። ሄይንዝ የከሰረው ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ሰው ነበረ። ያቀረበውም ዕቃ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም፤ በነጭ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ነበረ። የከሰረው የሚገዛበትን ዋጋ ቆርጦ የሚሸጥበትን ዋጋ ሳያውቅ ስለ ተዋዋለ፥ ይህንም ያደረገው በእጁ የክፉ ቀን ገንዘብ ሳይኖር ስለ ነበረ ነው። ይህን መለየት ለቤተ ሰብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ልጅ የከሰረ እንደ ሆነ ዘመዶቹ ወይ «ዕድሉ ነው» ይላሉ፥ ወይ «እርሱ ዱሮም የማይረባ ነው» ይላሉ። በሁለቱም ቃል ውስጥ ትምህርት የለም። በዕድል የወደቀ የሚማረው ነገር አያገኝም፤ የማይረባ የተባለም ለመማር ልብ አይኖረውም።

የዚያ ዓመት የገና በዓል ለሄይንዝ ቤት ስጦታ የሌለበት በዓል ነበረ። የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነበረውና ስለ ከሰርን ሰዎች ይገፉናል የሚል የኀዘን ቃል በዚያ ጽፎ ተገኝቷል። ነገር ግን በዚያው ወራት የጻፈው ሌላ ደብተር አለ፤ ለእኔም ከፋብሪካዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ደብተር ነው። በእርሱ ውስጥ ኩባንያው ገንዘብ ያለበትን ሰው እየዘረዘረ ከዕዳው በእርሱ ላይ ይደርሳል ብሎ ሕሊናው የፈረደበትን አሰፈረ፤ በላዩም የሕሊና ግዴታ መዝገብ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት አደረገበት። በሕግ በኩል ኪሳራው ከተፈረደለት በኋላ ያን ዕዳ እንዲከፍል የሚያስገድደው አልነበረም። እርሱ ግን ሥራው እንደ ገና ሲነሣ ከዓመት ዓመት ከመዝገቡ ላይ ስም በስም እየሰረዘ ከፈለ።

ይህን የሚያነብ ሰው ይህስ የቅዱሳን ሥራ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን የነጋዴም ሥራ መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ። የከሰረ ሰው ዕቃው ይሸጣል፥ ፈረሱ ይወሰዳል፥ ቤቱ ይያዛል፤ ከሁሉ በኋላ የሚቀርለት ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቃሉን የሚያምን ሰው መኖሩ ነው። ያ ጠርሙስ አቅራቢ፥ ያ ገበሬ፥ ያ ባለ ሱቅ ሁሉ በዚያው ከተማ የሚኖሩ ነበሩ፤ ሄይንዝም ነገ ከእነርሱ ይገዛል፥ ለእነርሱም ይሸጣል። ከአበዳሪው ሸሽቶ በሌላ መንገድ የሚዞር ነጋዴ ከዕዳው ያመለጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የራሱን ገበያ እየዘጋ ይሄዳል። የወይዘሮዋ ልጅ ወደ ጓዳ በገባ ቁጥር አንድ በር ይዘጋ ነበር ማለቴ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1876 ዓመት መጀመሪያ፥ ኪሳራው ከታወቀ ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ፥ አዲስ ንግድ ተከፈተ። የከሰረው ሰው በስሙ ሊነግድ ስላልቻለ ድርጅቱ በወንድሙ በጆንና በአጎቱ ልጅ በፍሬደሪክ ስም ተጠራ፤ ሄንሪም በእነርሱ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ትናንት ባለ ሃያ አራት ፈረስ የነበረ ሰው ዛሬ የታናሽ ወንድሙ ቅጥረኛ መሆኑ ምን ያህል እንደሚከብድ ወንድም ያለው ሁሉ ያውቃል። ቤተ ሰቡም ያደረገለትን ልብ እንበል፤ ገንዘብ በእጁ አስጨብጦ «ሂድ፥ እንደ ወትሮህ ሁን» አላለውም፤ ዘግቶም አላስወጣውም። ሥራና ስም አበደረው፤ ገንዘቡን ግን ሌላ ዓይን እንዲያየው አደረገ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ በፍጥነት እናልፈዋለን። በዚያው በ1876 ዓመት የቲማቲም ድልሁ ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ ሆነ። በ1886 ዓመት ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ የዕቃውን ናሙና በሻንጣ ይዞ ነበርና በሎንዶን ስመ ጥር ወደ ሆነው ወደ ፎርትነምና ሜሰን መደብር በፊት ለፊት በር ገብቶ ሸጠ። በ1888 ዓመት ንግዱ በራሱ ስም ተጠራ፤ ከመክሰሩ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1893 ዓመት በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የተሰጠው ቦታ በፎቅ ላይ ስለ ነበረ ሰው ደረጃውን ለመውጣት እየሰነፈ ይመለስ ነበር። እርሱም ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ፎቅ ለሚወጣ ስጦታ ይሰጠዋል የሚል ትንንሽ ወረቀት አሳትሞ በግቢው ውስጥ አስበተነ፤ ስጦታውም የኪያር ቅርጽ ያለው ትንሽ ጌጥ ነበረ። የሚወጣው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ፎቁን በድጋፍ ማጠንከር ግድ ሆነ። በ1896 ዓመትም በኒው ዮርክ ባቡር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሃያ አንድ ዓይነት ጫማ አለን የሚል የጫማ ነጋዴ ማስታወቂያ አየና ለራሱም 57 ዓይነት የሚለውን ቁጥር መረጠ። ከስድሳ የሚበልጥ ዓይነት ዕቃ እያለው 57 ማለቱ የቁጥሩ ድምፅ ስላማረው ነበረ። እኔ ሒሳብ ወዳድ ነኝና ይህ ነገር ጥቂት ያስቀይመኛል፤ ሆኖም አበዛ እንጂ አሳነሰ የማይባል ማስታወቂያ በዓለም ላይ ብርቅ ስለ ሆነ ይቅር ልንለው ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ከዱሮው ነጭ ጠርሙስ ጋር የሚገጥመው በ1906 ዓመት የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ምግብና መድኃኒት ሳይበረዝ እንዲሸጥ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። ብዙ የምግብ ፋብሪካ ባለቤቶች ሕጉን ሲቃወሙ ሄይንዝ ደገፈው። የራሱም ድልህ እንዳይበላሽ ይጨመርበት የነበረውን መድኃኒት ትቶ በበሰለ ቲማቲምና በኮምጣጤ ኃይል የሚጠበቅ እንዲሆን አደረገ። እርሱ በ1919 ዓመት በሰባ አራት ዓመቱ ሲሞት ኩባንያው ከሃያ የሚበልጡ ፋብሪካዎች ነበሩት፤ በ2015 ዓመትም ክራፍት ከተባለው ኩባንያ ጋር አንድ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አይሆንልኝም። በ1904 ዓመት ሄይንዝ ያን ሥራ የተጀመረበትን በሻርፕስበርግ የነበረውን የጡብ ቤት በፋብሪካው ግቢ ሊያኖረው ፈለገ። መሐንዲሶችም ቤቱን ሳያፈርሱ ከመሠረቱ አንሥተው በታንኳ ላይ ጫኑትና በአለጌኒ ወንዝ ላይ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል አውርደው በፋብሪካው አጠገብ ተከሉት። ሠራተኛና እንግዳ ሁሉ ምድር ቤቱን እንዲያይ ይደረግ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቤቱ ሚሺጋን ወደሚገኘው የግሪንፊልድ መንደር ሙዝየም ተወስዶ እስከ ዛሬ በዚያ ይታያል።

አሁን ደግሞ የወይዘሮዋን የወርቅ ሀብል በቀጥታ ወደሚነካው ወደ ሌላ ሰው ልውሰዳችሁ። ይኸውም በቸኮላት የታወቀው ሚልተን ሄርሺ ነው። እርሱም የፔንሲልቫኒያ ሰው ሲሆን በ1857 ዓመት ተወለደ። አባቱ ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘል፥ አንዱንም የማይፈጽም ሰው ነበረ፤ እናቱ ፋኒ ግን ቆጣቢና ጽኑ ነበረች። ሚልተን በ1876 ዓመት በፊላደልፊያ ከተማ የከረሜላ ቤት ከፈተ። ገንዘቡን የሰጠችው ማቲ የምትባል የእናቱ እኅት ናት፤ እናትና አክስትም አብረውት ተቀምጠው ከረሜላውን በእጃቸው በወረቀት እየጠቀለሉ ያግዙት ነበር። ስድስት ዓመት ከደከመ በኋላ በ1882 ዓመት ከሰረ። ከዚያ ወደ ዴንቨር ከተማ ሄዶ በአንድ ከረሜላ ሠሪ ቤት ተቀጠረና በትኩስ ወተት የሚሠራ ከረሜላ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይና ጣዕሙም እንደሚያምር ተማረ። ይህን ዕውቀት ይዞ በኒው ዮርክ እንደ ገና ነገደ፤ በ1886 ዓመትም እንደ ገና ከሰረ።

ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ላንካስተር ሲመለስ የእናቱ ወንድሞች ካሁን በኋላ ገንዘብ አንሰጥም አሉ። በእርግጥ እነዚህ አጎቶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለት ጊዜ የጠፋ ገንዘብ ያዩ ሰዎች ነበሩ። የከረሜላ መሥሪያ ዕቃው ከኒው ዮርክ የሚመጣበትን የጭነት ገንዘብ እንኳ የከፈለለት ቀድሞ በእርሱ ሥር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አክስቲቱ ግን ሦስተኛ ጊዜ ረዳችው። በዚህ ጊዜ ከረሜላው የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ዓይን አረፈበትና ብዙ አዘዘ፤ በዚያ ትእዛዝ ኃይል ከባንክ ብድር ተገኘ፤ ንግዱም ተነሣ። በ1900 ዓመት የከረሜላ ፋብሪካውን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠና ወደ ቸኮላት ዞረ። ልጅ ስላልወለዱ በ1909 ዓመት ከሚስቱ ከካትሪን ጋር ለሙት ልጆች ትምህርት ቤት አቆሙ፤ በ1918 ዓመትም ሀብቱን ለዚያ ትምህርት ቤት አወረሰ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ።

ይህን ታሪክ ለአንዲት እናት የነገሩ እንደ ሆነ ወዲያው ተነሥታ ሀብልዋን ወደ ወርቅ ሠሪ ትወስዳለች። ስለዚህ ሳልዘገይ አንድ ቃል ልጨምር። ሀብታቸው የተመለሰላቸው አክስቶች በመጽሐፍ ይጻፋሉ፤ ሦስተኛው ገንዘባቸው እንደ ፊተኞቹ የጠፋባቸው አክስቶች ግን ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ብዙዎቹም እነርሱ ናቸው ብዬ እፈራለሁ። ማቲ የሰጠችው ለጎልማሳው እንባ ብቻ አልነበረም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ከረሜላ ስትጠቀልል ሥራውን በዓይንዋ አይታ ነበር፤ ከዴንቨርም ቀድሞ ያልነበረው ዕውቀት ይዞ እንደ መጣ ታውቅ ነበር። የቤት ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ከባንክ ገንዘብ የሚከፋው ወለድ የሌለው በመሆኑ አይደለም፤ የማይጠየቅበት በመሆኑ ነው። ባንክ መዝገብህን አሳየኝ ይላል፤ እናት ግን ልጄ በላህ ወይ ትላለች። ሁለቱም ጥያቄ ያስፈልጋል፤ እናት ሁለቱን ብትጠይቅ ምን ነውር አለበት?

ደግሞም ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ከትርፍ የሚሰጥ ዘመድ ቢጠፋበት ያዝናል እንጂ አይራብም። ለእርጅናዋ ያኖረችውን የምትሰጥ መበለት ግን ያጠፋው ልጅ መልሶ ሸክም ይሆንባታል፥ እርስዋም ትሆንበታለች፤ አንዱ ኪሳራ ሁለት ይወልዳል። እንዲህ ያለችው እናት ከወርቅዋ ይልቅ ቤትዋን፥ ምክርዋንና ትዕግሥትዋን ብትሰጥ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ የማይስማሙኝ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እናት አይደለህምና አታውቅም የሚለው መልሳቸውም ከወዲሁ ይሰማኛል።

ወይዘሮዋ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተርም ይዘው ነበር። ልጁ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ሦስት ቀን ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሊት ፋኖስ አብርቶ ይጽፍ ጀመር አሉኝ። ደብተሩን ከፍተን በአንድነት ተመለከትን። በግራው ገጽ የተበደረው፥ በቀኙ ገጽ በዱቤ የሸጠው ተጽፎ ነበር። የቀኙ ገጽ ከግራው ይረዝም ነበር። ጎረቤት ለጥምቀት የወሰደው ነጠላ፥ የክርስትና ልጁ እናት የወሰደችው ቀሚስ፥ ወዳጅ «ደመወዝ ሲመጣ» ብሎ የወሰደው ኮት፥ ይህ ሁሉ ሲደመር ከሀብሏ ዋጋ የሚበልጥ ሆነ። እንግዲህ ልጁን ያከሰረው የገዢ ማጣት አልነበረም፤ ዘመድን እምቢ ማለት አለመቻል ነው።

ወይዘሮዋ ጣታቸውን በቀኙ ገጽ ላይ እያወረዱ ከመካከሉ ሲደርሱ ቆም አሉና፥ «ይህን አንብብልኝ እስቲ፤ ዓይኔ ነው ወይስ…» አሉኝ። አነበብሁላቸው። በለቅሶ ቤት የሚጮኸው አጎት ለሴት ልጁ ሠርግ የወሰደው ጨርቅ ነበረ፤ ዋጋውም ካበደረው ገንዘብ ሲሦውን ያህላል። ወይዘሮዋ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ብዙ ወራት ሳልስቅ ቆየሁ አሉ።

ልጁ አሁን በሌላ ሰው የጨርቅ ሱቅ በሻጭነት ተቀጥሮ ይሠራል። ደብተሩን ይዞ ወደ አጎቱ ዘንድ እርሱ ራሱ ሄደ፤ የሠርጉ ጨርቅ ተቀንሶለት የቀረውን በየወሩ ሊከፍል ተስማሙ፤ እስካሁንም ሁለት ወር ከፍሏል። ከቀኙ ገጽ ደግሞ የኮቱ ዋጋ ተመልሷል፤ የቀሚሱ ግን ገና ነው፤ የክርስትና ልጅን እናት መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለምና። ሀብሏ በሣጥን ውስጥ ናት። ወይዘሮዋ አልሸጡአትም፤ አልሸጥም ብለውም አልማሉም፤ ልጁም አልጠየቃቸውም።